«ጎርፍ ያሰጋዎታል?» ብለው አይጠይቁ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ በታንዛኒያዋ ዳሬሰላም፣ በምሲምባዚ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ስለ ጎርፍ ያላቸውን ግንዛቤ ላጠና ነው። በሙከራ ያነጋገርኳቸው ‹አዎ፣ ጎርፍ ያሰጋናል› ይላሉ፤ ለመነሣት የሚያስብ ግን የለም። የጎርፍ ካርታው ቀይ ባደረገው ቦታ ላይ ቆመው ‹እኛ ዘንድ ውኃ አይገባም› ያሉኝም አሉ። አማካሪዬ ‹ግንዛቤያቸው ዝቅተኛ ነው ብለህ ጻፍ› ይሉኛል። ልጻፍ? መጠይቁንስ ምን ላድርገው? 300 ቤተሰብ ይበቃኛል?»

አይጻፉ። ሰዎቹ «አዎ» ብለውዎት ሳለ ግንዛቤ የላቸውም ብሎ መደምደም የራስን መረጃ መካድ ነው። ችግሩ ከጥያቄዎ ይጀምራል፤ ጥያቄው ደግሞ ከቃሉ።

«ግንዛቤ» ስንል ሳናስበው አንድ የገባውና አንድ ያልገባው ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠናል። «ግንዛቤ ማስጨበጫ» የሚለውን የስብሰባ ቋንቋ ያስታውሱ፤ አስጨባጩ ከቢሮ ይመጣል፣ ጨባጩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። እርስዎ ማጥናት የሚፈልጉት ግን ነዋሪው ጎርፉን እንዴት እንደሚያየውና ከሌላው ጣጣው ጋር እንዴት እንደሚመዝነው ነው። እኔ «አተያይ» እለዋለሁ፤ የተሻለ ቃል ካለዎት ይጠቀሙ፤ «ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» የሚባል ነገር ግን አያስከትሉበት።

«ስጋት»ም ሁለት ፊት አለው። የመንግሥት ሰነድ «የአደጋ ስጋት» ሲል ጉዳት የመድረስ ዕድሉንና የጉዳቱን ልክ አንድ ላይ ማለቱ ነው። ሰው በቤቱ «ሰግቻለሁ» ሲል ልቤ አላርፍ አለ ማለቱ ነው። አሥር ዓመት የኖረች እናት ውኃው እንደሚገባ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ልጆቿን ወዴት እንደምታሸሽ ስለምታውቅ ግን ላትጨነቅ ትችላለች። አምና የገባው ተከራይ ውኃውን በዓይኑ ሳያይ በወሬ ብቻ እንቅልፍ ያጣል። ሁለቱን «በጣም፣ በመጠኑ፣ አልሰጋም» በሚል መስፈሪያ ከሰፈሯቸው እናትየዋ «ግንዛቤ የሌላት» ሆና ትመዘገባለች። በስዋሂሊ ቃሎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ዕድለኛ ነዎት፦ «ሃታሪ» አደጋው ነው፣ «ዋሲዋሲ» ጭንቀቱ ነው። ተርጓሚዎ የትኛውን እንደተጠቀመ ዛሬውኑ ያጣሩ።

በቃል ላይ የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) በኖቬምበር 8 ቀን 2013 ሃይያን የተባለው አውሎ ነፋስ የፊሊፒንሷን ታክሎባን ሲመታ የባሕሩን ውኃ እየገፋ ከ5 ሜትር በላይ አድርጎ ከተማዋ ላይ አስገባው። ማስጠንቀቂያው ቀደም ብሎ ተነግሮ ነበር፤ የተነገረው ግን በእንግሊዝኛው የባለሙያ ስም፣ «ስቶርም ሰርጅ» ተብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ነፋሱን ያውቃል እንጂ ያንን ስም ሰምቶ ባሕር ይመጣብኛል ብሎ አላሰበም። ከዚያ በኋላ ብዙ የተረፉ ሰዎች የተናገሩት አንድ ነው፦ «ሱናሚ ብትሉን ኖሮ እንሸሽ ነበር።» ባንግላዴሽ ሄደው «ጎርፍ ይመጣል?» ቢሉ መልሱ እንደ ቃልዎ ይለያያል፤ በየዓመቱ ማሳ የሚያለሰልሰው ሙላት «ቦርሻ» ነው፣ ቤት የሚያፈርሰው «ቦንና» ነው። በሰሜን ጃካርታም ዝናብ ያመጣው «ባንጂር» ሲሆን በጠራራ ፀሐይ ከባሕር ተነሥቶ መንገድ የሚሸፍነው «ሮብ» ይባላል፤ በአንዱ የተማረረ ሰው ሌላውን ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ከመጠይቁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ የሰፈሩን የውኃ ስሞች ብቻ ይልቀሙ፤ ጓሮ ድረስ የሚመጣውን ምን ይሉታል፣ አልጋ ላይ የሚወጣውን ምን ይሉታል፣ ከቦይ ገንፍሎ የሚሸተውንስ?

አሁን ወደ መጠይቁ።

ዕድልን በመቶኛ አይጠይቁ። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚለውንም ከነጭራሹ ያውጡት፤ ሰሚው በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ዘንድሮ ከመጣ ልጆቼ እንኳ አያዩትም ብሎ ነው የሚረዳው። ትርጉሙ ግን በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው፤ አንድ ቤት 30 ዓመት ቢቆም በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመጥለቅለቅ ዕድሉ 26 በመቶ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ጥናት የሚስተው ነገር አለ፦ ሁለት ዓመት ኖሮ ለመሄድ ያሰበ ተከራይ ያ ዕድል 2 በመቶ ብቻ ነው። «ብዙም አያሳስበኝም» ቢል ሒሳቡ ልክ ነው። የቤቱ ባለቤት ግን ያንኑ መልስ ቢሰጥ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብዎት። ስለዚህ «እዚህ ስንት ዓመት ቆዩ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ዓመት ለመቆየት ያስባሉ?» የሚለውም መጠይቁ ላይ ይግባ።

በመቶኛው ምትክ 10 ፍሬ ባቄላና አንድ ሳህን ይያዙ። ዳሬሰላም ሁለት የዝናብ ወቅት አላት፤ ረጅሙ «ማሲካ» ከማርች እስከ ሜይ፣ አጭሩ «ቩሊ» ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው። «ከሚመጡት 10 ማሲካዎች በስንቱ ውኃው የቤትዎን ደፍ ያልፋል? ያንን ያህል ፍሬ ሳህኑ ላይ ያኑሩ» ይበሉ። ቀጥለው «ከእነዚህ ውስጥ በስንቱ ጉልበት ይደርሳል?» ብለው ከሳህኑ ላይ እንዲያስነሡ ያድርጉ። ለሁለተኛው ከሳህኑ ውጭ ያለ ፍሬ ከጨመሩ ጥያቄው አልገባም ማለት ነውና እንደገና ያስረዱ። ፍሬው ፊደል ላልቆጠረም ለመምህርም እኩል ይሠራል፤ «እስማማለሁ፣ በጣም እስማማለሁ» በሚለው መስፈሪያ የሚመጣውን ይሉኝታም ይቀንሳል። ሰው እቤቱ የመጣን እንግዳ «አልስማማም» ማለት ይከብደዋል።

ጥልቀት በሰውነት ይለካ፦ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት (ጎቲ)፣ ወገብ (ኪዩኖ)፣ ደረት (ኪፉዋ)። ከዚያ ሜትር አውጥተው ግድግዳው ላይ የቀረውን የውኃ መስመር ይለኩ፤ ሁለት ጊዜ ይለኩ፣ አንዱ ከቤቱ ወለል፣ አንዱ ከውጭ ካለው መንገድ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ሁለተኛው ልክ ነው። ወለሉን 40 ሳንቲ ሜትር ያስነሣ ሰው «ቁርጭምጭሚት ድረስ ገባ» ሲል መንገዱ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ውኃ ነበረ። «እኛ ዘንድ አይገባም» ካሉዎት ሰዎች አንዳንዶቹ ይህን ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ ቤታቸው አይገባም፣ ደጃቸው ግን ወንዝ ነው። በሚወርድ ውኃ ላይ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ጋ ነው። በፍጥነት የሚሄድ ውኃ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አዋቂ ሰው ሊጥል፣ 30 ሲደርስ አብዛኛውን ትንሽ መኪና ሊወስድ ይችላል። «ቁርጭምጭሚት ያለፈ ውኃ ልጅ ይዘው ይሻገራሉ?» የሚል አንድ ጥያቄ ስለ አተያይ ከአምስት «ይስማማሉ ወይ?» የበለጠ ይነግርዎታል።

ትዝታን ያለ መንጠልጠያ አይጠይቁ። «ባለፉት 15 ዓመታት ስንት ጊዜ?» ቢሉ ሰው የሩቁን ወደ ቅርብ ይስበዋል፣ ትንንሹን ይረሳዋል። የታወቁ ቀኖችን ይጠቀሙ። ትልቁ የዲሴምበር 2011 ጎርፍ የነጻነቱ 50ኛ ዓመት ከተከበረ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው የመጣው፤ የአገሪቱ ሜትሮሎጂ ከ1954 ወዲህ እንዲህ ያለ ዝናብ አልታየም አለ፣ 40 ያህል ሰው ሞተ። የኦክቶበር 2015 ምርጫ፣ የፕሬዚዳንት ማጉፉሊ ሞት (ማርች 2021)፣ የልጅ ትምህርት ቤት መግባት፣ ረመዳን፤ እነዚህን አንድ ወረቀት ላይ በመስመር አስቀምጠው «ከዚህ በፊት ነው፣ በኋላ?» እያሉ ይሂዱ።

የረመዳኑ ነገር ሌላም ጥቅም አለው። ምሲምባዚ የሚገባው ሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይነሣል፣ ሁለቴ ይወርዳል፤ በትልቁ ጊዜ በከፍታውና በዝቅታው መካከል ከ3 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ከባድ ዝናብ ከባሕሩ መነሣት ጋር ከተገጣጠመ ወንዙ መውጫ ያጣና ወደ ኋላ ይተኛል። ባሕሩ ከሁሉ የሚበልጠው ጨረቃ ስትወለድና ሞልታ ስትታይ፣ ከዚያም አንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው። በጨረቃ የሚቆጥር ሙስሊም ነዋሪ «ውኃው የገባው በዒዱ ሰሞን ነው» ካለዎት የባሕሩን ሁኔታም አብሮ ነግሮዎታል ማለት ነው፤ ዒድ አልፈጥር ሁልጊዜ ጨረቃ ስትወለድ ነውና። ዓሣ አጥማጅ ካገኙማ ሰዓቱን ሁሉ ይነግርዎታል። «ውኃው ከየት መጣ፣ ከወንዝ፣ ከሰማይ፣ ከቦይ ወይስ ከባሕር?» ብለው ብዙ መልስ በሚቀበል መልኩ ይጠይቁ። አብዛኛው ሰው ወንዙን ብቻ ካለና የገባበት ቀን ጨረቃ ሙሉ ከነበረች፣ ለጥናትዎ ትልቅ ግኝት ነው።

«ሊመጣ ሲል በምን ያውቃሉ?» የሚለውን አይርሱ። ምሲምባዚ የሚነሣው ከፑጉ ኮረብቶች ነው፤ ታች ወንዙ ዳር ባለው ሰፈር፣ ጃንግዋኒ ላይ፣ ጠብ ሳይል ላይ ዘንቦ ሊወርድ ይችላል። የሰፈሩን ሰማይ ብቻ እያየ የሚወስን ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ለእኛ አገር አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ በኦገስት 2006 የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሌሊት የጠረገው ከተማዋ ላይ በወረደ ዝናብ ሳይሆን ላይ ተራራው ላይ በጣለው ነበር። ባሕር የላትም እንጂ ድሬዳዋ የዚህን ጥያቄ ግማሹን ታስተምራለች።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፦ «እኛ ዘንድ አይገባም» ያሉዎት ሰዎች እያወቁ ዋሽተውዎት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያትም አላቸው። በዲሴምበር 2015 በምሲምባዚ ሸለቆ ቤቶች በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ተደርጎባቸው በዶዘር ፈርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳ ይዞ፣ ጂፒኤስ ከፍቶ ግድግዳ የሚለካ እንግዳ ማለት አፍራሽ ማለት ነው። «ውኃ ይገባል» ብሎ መመለስ በገዛ አፍ ኤክስ ማስቀባት ነው። በተቃራኒው፣ በዓለም ባንክ ብድር በሚሠራው የምሲምባዚ ተፋሰስ ፕሮጀክት ካሳ ይከፈላል የሚለው ወሬ በደረሰበት አካባቢ ጎርፉ በአፍ ያድጋል፤ ጉልበት የነበረው ደረት ይሆናል። ሁለቱም የአተያይ መረጃ ነው፤ የጎርፍ መረጃ ግን አይደለም፤ አንድ ላይ ከከመሯቸው አማካዩ የማንም ያልሆነ ቁጥር ነው።

መፍትሔው ፍጹም ባይሆንም ይረዳል። ከውጭ ለሚመጣ ተመራማሪ የጥናት ፈቃድ የሚሰጠው ኮስቴክ የሚባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ነው፤ ደብዳቤው ከዚያ ወደ ክልል፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ቀበሌ እያለ ይወርዳል። ይህን ሳይጨርሱ አይግቡ። የሰፈሩ ሊቀመንበር ያስተዋውቅዎ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ግን አይቁም። የፕሮጀክት አርማ ያለበት ሰደርያና ኮፍያ ይቅር። ፎቶና ጂፒኤስ በመጨረሻ፣ በፈቃድ ብቻ፤ ካልፈቀዱ የቤቱን ቁጥር ትተው ቀጠናውን ብቻ ይጻፉ። መግቢያዎ ላይ «ይህ ጥናት ቤት አያፈርስም» ብለው ቃል አይግቡ፤ ያንን የመወሰን ሥልጣን የለዎትም፣ እነሱም ያውቁታል። «ስምዎንና የቤት ቁጥርዎን አልጽፍም፣ ለቢሮም አልሰጥም» ይበሉ፤ ይህን ማድረግ ይችላሉ። ከዚያ መልሱን በግድግዳው ይፈትሹ። አፍ «አይገባም» ካለና ግድግዳው ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የጭቃ መስመር ከታየ፣ ሁለቱንም እንዳሉ ይመዝግቡ፤ ልዩነቱ ራሱ አንድ ተለዋዋጭ ይሁን። እኔ ብሆን የጥናቱ ዋና ምዕራፍ አደርገው ነበር።

ሰው እያወቀ ለምን አይነሣም? ለዚህ መልስ ለማግኘት ጥያቄውን ማዞር ነው፤ «ለምን አይሄዱም?» ሲሉት ይከላከላል። «ከዚህ ቢነሡ ምን ያጣሉ?» ይበሉ። ጃንግዋኒ ከካሪያኮ ገበያ በእግር የሚኬድ ነው። ከ2011ዱ ጎርፍ በኋላ መንግሥት ተጎጂዎችን ያሰፈረው ማብዌፓንዴ ነው፤ ከመሀል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ ዓሣ ወይም አትክልት ገዝታ የምትቸረችር ሴት ከዚያ ሆና ያንን ሥራ ልትሠራ አትችልም። ቦታ ተሰጥቷቸው የተመለሱ ሰዎች ጎርፉን ረስተው አይደለም፤ በዓመት ጥቂት ቀን የሚገባውን ውኃ ከየዕለቱ የትራንስፖርት ወጪና ከጠፋ ገበያ ጋር አመዛዝነው ነው። የሚነሣው ሰው የሚያጣውን በገንዘብ ያስቆጥሩት፦ የቀን መጓጓዣ፣ የኪራይ ልዩነት፣ የደንበኛ ዱቤ፣ የዕቁብ ማኅበር፣ የልጅ ትምህርት ቤት። ከጎኑ ደግሞ የመጨረሻው ጎርፍ ያስወጣውን፦ ፍራሽ፣ ዱቄት፣ ሕክምና፣ ሥራ የተፈታበት ቀን፣ የሽንት ቤት ጥገና። ሁለቱ አምዶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ «ግንዛቤ» የሚለው ቃል ቦታ አያገኝም።

በነገራችን ላይ የመንግሥትም አተያይ ይጠናል። የከተማው የፈጣን አውቶቡስ ማደሪያ የተሠራው እዚያው ጃንግዋኒ፣ ውኃ መውረጃው ላይ ነው፤ በ2016 አገልግሎት ከተጀመረ ወዲህ በተደጋጋሚ ተጥለቅልቆ አውቶቡሶቹ ቆመዋል። ነዋሪውን «እያወቅህ ለምን ሰፈርህ?» የሚል ሰው ይህንን ማደሪያ አልፎ ነው የሚሄደው፤ ነዋሪው ደግሞ ያየዋል። «መንግሥት ራሱ ከሠራበት» የሚለው መልስ ከመጣ በኮድ አሰጣጥዎ ላይ የራሱ ቁጥር ይኑረው እንጂ «ሌላ» ውስጥ አይጣል።

«የፈጣሪ ፈቃድ ነው» የሚለውንም «ዕጣ ፈንታን መቀበል» ብለው አይዝጉት። አማርኛ ተናጋሪ «እግዜር ያውቃል» ሲል ብዙ ጊዜ ወሬውን መቁረጡ ነው፤ እዚያም እንዲሁ ነው። መልሱን ከሰሙ በኋላ ዝም ብለው ደፉን ይለኩ። በር ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ብሎክ ሠርቶ፣ አልጋውን በጡብ አንሥቶ፣ የልጆቹን የልደት ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ጣራው ሥር የሰቀለ ሰው ምንም ቢል እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ለዚህ የምልከታ ቅጽ ያዘጋጁ፤ አንድ ገጽ ይበቃል፦ የደፍ ከፍታ በሳንቲ ሜትር፣ ከመንገድ ወደ ወለል ያለው ልዩነት፣ በበር ላይ የተሠራ ግንብ፣ የአሸዋ ከረጢት ወይም የጎማ መደገፊያ፣ ከፍ ብሎ የተሠራ ቆጥ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት ከወለል ያለው ርቀት፣ ከቤቱ ፊት ያለው ቦይ ተጠርጎ ወይም ተደፍኖ። የሶኬቱን ነገር አይናቁት። ሶኬቱን ከወገብ በላይ ያስገባ ሰው የሚጠብቀውን ጥልቀት ግድግዳው ላይ ጽፎታል።

ይህን ከሰበሰቡ በኋላ ትንተናው ላይ የሚጠብቅዎት ወጥመድ አለ። «ይሰጋሉ?» የሚለውን ከ«ምን ሠሩ?» ጋር ሲያዛምዱ ዝምድናው ደካማ ወይም ተገላቢጦሽ ሊወጣ ይችላል፤ የጎርፍ ስጋት ተመራማሪዎቹ ቡቤክና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት የጥናቶች ግምገማ ስጋትና ጥንቃቄ ያላቸው ዝምድና ደካማ ሆኖ መገኘቱን አሳይተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ቀላል ነው፦ ደፉን ከፍ ያደረገ ሰው ከዚያ ወዲያ ስጋቱ ይቀንሳል። እርስዎ የደረሱት ከሠራ በኋላ ስለሆነ ያልሠራው የሰጋ፣ የሠራው ያልሰጋ ሆኖ ይታይዎታል። ማስተካከያው ሁለት ጥያቄ ነው፦ «ደፉን ከማስነሣትዎ በፊት ምን ያህል ያሳስብዎ ነበር?» እና «ዛሬ ያ ግንብ ባይኖር ውኃው የት ይደርስ ነበር?» የመጀመሪያው በትዝታ ላይ ስለሚቆም ደካማ ነው፤ ሁለተኛውን የበለጠ ይመኑት።

ሌላው፣ ሰባት ስምንት ጥያቄ ደምሮ «የግንዛቤ ኢንዴክስ» መሥራት። አያድርጉት። ዕድሉ፣ ጉዳቱ፣ ጭንቀቱ፣ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው፣ ማስጠንቀቂያን ማመን፣ «የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» ብሎ ማመን፣ እነዚህ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ አይደሉም። በተለይ የመጨረሻውን ለብቻው ይያዙት። በ1975 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮጀርስ ያቀረበው የጥንቃቄ ንድፈ ሐሳብ እዚህ ይሠራል፦ አደጋው ትልቅ መሆኑን አምኖ ማምለጫ ያጣ ሰው የሚቀረው ነገሩን ማቃለል ወይም አለማሰብ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈራ ፖስተር ቢለጥፉ ይበልጥ ጆሮውን ይደፍናል።

ስለ ካርታው። ካርታና ነዋሪ ሲጣሉ ካርታው ልክ ነው ብለው አይጀምሩ። ቀዩ ቀለም የተሠራው በነጻ ከሚገኘው 30 ሜትር የሳተላይት የከፍታ መረጃ ከሆነ የከፍታ ስሕተቱ ብዙ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ የቤት ጣራንም መሬት አድርጎ ይቆጥራል። እርስዎ የሚከራከሩት ግን ስለ ግማሽ ሜትር ነው። በደመና ውስጥ የሚያየው የራዳር ሳተላይትም በየ6 ወይም 12 ቀኑ ነው የሚያልፈው፤ በአንድ ሌሊት ገብቶ በማግስቱ የወጣን ውኃ አያገኘውም፣ ቤት በተጠጋጋበት ሰፈርም ይደናገራል። ዳሬሰላም ለዚህ የተሻለ ነገር አላት፦ ከ2015 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ነዋሪዎች «ራማኒ ሁሪያ» በሚባለው ሥራ ቦዮችንና ቤቶችን እየዞሩ መዝግበው ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው ነጻ የኢንተርኔት ካርታ ላይ አኑረዋል። ያንን አውርደው በትልቅ ወረቀት ያሳትሙ፣ ነዋሪዎች ውኃው የደረሰበትን በእርሳስ እንዲያሰምሩ ያድርጉ። ሴቶችን ለብቻ፣ ወንዶችን ለብቻ ያስቀምጡ፤ ቀን ቤት የሚውለውና የማይውለው ሰው የሚያሰምረው አንድ አይሆንም።

300 ይበቃል? እንዳያያዝዎ ነው። በቀላል የዕጣ ናሙና 300 ቤተሰብ ወደ 6 በመቶ የሚጠጋ የስሕተት ወሰን (ውጤቱ ከእውነተኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት ልክ) ይሰጣል፤ በጥቂት ሰፈሮች ስለሚያሰባስቧቸው ግን ጎረቤት ከጎረቤት ይመሳሰላልና በተግባር ወደ 7 በመቶ ይሄዳል። ለማስተርስ በቂ ነው። ከወንዙ ጀምሮ ወደ ላይ በሦስት ቀጠና ይክፈሉት፦ ውኃ በየጊዜው የሚደርስበት፣ በትልቁ ጊዜ ብቻ የሚደርስበት፣ ከቶ የማይደርስበት። በየቀጠናው 100 ቢሆን ለእያንዳንዱ ወሰኑ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በቀጠናዎች መካከል 20 በመቶ ልዩነት ካገኙ ይናገሩ፣ 8 በመቶ ካገኙ ዝም ይበሉ። ቀጠናን በጾታ፣ ጾታን በተከራይና በባለቤት እያሉ መከፋፈሉን ይርሱት። አንድ ጠያቂ በ35 ደቂቃ መጠይቅ በቀን 7 ቤት ከጨረሰ ጎበዝ ነው፤ አራት ጠያቂ ካለዎት 11 ቀን፣ የዝናብና የልቅሶ ቀን ጨምረው 15 ቀን ይያዙ። «አባወራ» የሚለውንም ይተዉት፤ አባወራ ብለው ከጠየቁ ወንዱን ይጠራሉ፤ ውኃውን በባልዲ የምታወጣው ሌላ ናት። በአንዱ ቤት ሴት፣ በሚቀጥለው ወንድ እያሉ ይሂዱ።

ከናሙናዎ የጎደሉ ሰዎች ግን በቁጥር አይሞሉም። ጎርፉ ያስመረረው ሰው ሄዷል፤ ወንዝ ዳር የሚያገኙት የቀረውን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ማንም መነሣት የማይፈልግ የሚመስለው። 25 ወይም 30 ሰው ለብቻ ያነጋግሩ፤ ማብዌፓንዴ ሄደው እዚያው የቀሩትንም፣ የዚያን ቤት አከራይተው ወንዝ ዳር የተመለሱትንም። የሄዱበትን ቀን ከጎርፉ ቀን ጋር ያስተያዩ፤ ከጎርፉ በኋላ ስንት ማሲካ ታግሠው እንደሄዱ ማወቅ ከማንኛውም የአምስት ደረጃ መስፈሪያ ይሻላል።

የቅድመ ሙከራውን ዳግም ያድርጉ፤ በ15 ቤት፣ ከናሙናው ውጭ በሆነ ሰፈር። ጠያቂው መልሱን ብቻ ሳይሆን ሰዉ የሳቀበትን፣ «ምን አልክ?» ብሎ ያስደገመበትንና ወደ ውጭ አይቶ የመለሰበትን ጥያቄ በጎን ምልክት ያድርግ። ከ15ቱ በ3ቱ የተደገመ ጥያቄ ተሰርዞ በሰፈሩ ቃል እንደገና ይጻፍ። ሙከራው በጁላይ ደረቅ ወራት ከሆነና ዋናው ሥራ በኤፕሪል ከተሠራ ሁለቱን አያወዳድሩ፤ ጭቃው ገና ያልደረቀበት ሰው የሚመልሰው ሌላ ነው። በሁሉም ቅጽ አናት ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ባለፉት ሦስት ቀናት መዝነብ አለመዝነቡን ይጻፉ።